ልጄ በጓሮዬ ያሳለፈችው መንገድ

ደብረ ታቦር፣ ግንቦት 28 ቀን 1999 ዓ.ም.

ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። እንጨቴን ራሴ እፈልጣለሁ፣ ገበያም ብቻዬን ወርጄ እመለሳለሁ። ልጄን ግን አልቻልኳትም።

የዚህን ከተማ ፕላን ያወጣች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት። ስትጀምር «ደግሞ ሴት ከተማ ልትለካ!» እያሉ ከሚስቁባት ሁሉ ጋር ስጣላ የኖርኩት እኔ ነኝ። አሁን አዲሱን መንገድ በጓሮዬ አሳለፈችው፤ ሟች እናቷ በተከለችው ጌሾ ላይ! መስመሩን ትንሽ ወዲያ አድርጊው ብላት እምቢ አለች። ቢቸግረኝ በገዛ ልጄ ላይ ሽማግሌ ላክሁ።

ዛሬ አመሻሽ ላይ ተመለሱ።

«ምን አለች?» አልኩ።

«‹የአባቴን ጓሮ ዘልዬ የድሃውን አጥር በምን አፌ ይፍረስ እላለሁ?› አለችን» አሉ መምሬ።

«እናንተስ?»

«ምን እንበል አያ? እውነቷን ነው። መርቀናት መጣን።»

መረቋት! እኔ የላክኋቸው ሰዎች!

ነገ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች ሊያፈርሱ ይመጣሉ። አጥሬን ማንም አይነካውም፤ ሳይደርሱ ራሴ አነሳዋለሁ። ጌሾውንም ከነሥሩ ቆፍሬ ወደ ደጅ አዛውረዋለሁ። እሷ ላግዝዎ ብላ ብትመጣ ዶማውን አላስነካትም።