የቆሰበሩ የሞተር ባለሙያ፣ የአቶ አስማረ ደረሰ የሕይወት ታሪክ (1955–2018 ዓ.ም.)

አቶ አስማረ ደረሰ መጋቢት 12 ቀን 1955 ዓ.ም. ከአዘና ከተማ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ በሚርቅ የገጠር መንደር ተወለዱ። አባታቸው አቶ ደረሰ ወርቅአየሁ ገበሬ ነበሩ፤ እናታቸው ወይዘሮ ዋጋዬ ምሕረት ደግሞ በአዘና ገበያ ቅቤና ማር የሚሸጡ ብርቱ ሴት። በቤታቸው የሚነገረው አዊኛ ስለነበረ አማርኛን የተማሩት ትምህርት ቤት ገብተው ነው። ሥራ ላይ ሆነው ሲቆጥሩ ግን እስከ መጨረሻው ቀናቸው ድረስ በአዊኛ ይቆጥሩ ነበር። መጨረሻው ቀን ትናንት ነው። ትናንት ጠዋትም ጋራዡ ውስጥ ሲቆጥሩ ሰምተናቸዋል።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በአዘና፣ ሁለተኛ ደረጃውን በዳንግላ ተከታተሉ። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳሉ አባታቸው በማረፋቸው ትምህርቱን አቋርጠው በ1974 ዓ.ም. በዳንግላ አንድ ጋራዥ ተቀጠሩ። ሙያውን ያስተማሯቸው አሮጌ መካኒክ አንድ ደንብ ነበራቸው፦ የተፈታ ዕቃ ሁሉ በተፈታበት ቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ ይደረደራል፤ ሞተሩ ተገጥሞ እስኪነሣ ድረስ ጨርቁን የሚነካ የለም። አቶ አስማረ ይህን ደንብ አርባ አራት ዓመት ጠበቁት፤ ደብተርም ጨመሩበት። በግራው ገጽ «ያገኘሁት»፣ በቀኙ ገጽ «ያደረግሁት» ብለው ይጽፉ ነበር። የደብተሮቹ ብዛት ሠላሳ አንድ ነው።

በ1983 ዓ.ም. ወደ ቆሰበር መጥተው የራሳቸውን ጋራዥ ከፈቱ። በ1984 ዓ.ም. ከወይዘሮ ውዴ አበረ ጋር በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተጋብተው ምንይችልን፣ ሜላትንና ትዕግስትን አፍርተዋል። በተለይ የአሮጌ ትንንሽ መኪኖችን ሞተር በማደስ ታወቁ። የቸኮለ ደንበኛ «ዝም ብለህ አስነሣልኝ» ሲላቸው «ዝም ብሎ የሚነሣ አቧራ ብቻ ነው፤ ተቀመጥ» ይሉት ነበር።

በመጋቢት 1992 ዓ.ም. የሆነውን ሳንጽፍ የእርሳቸው ታሪክ ሙሉ አይሆንም። በዚያ ወር መምህር ፀጋው እንግዳው አንዲት አሮጌ ቮልስ ይዘው መጡ። ቆሰበር ደጋ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ቤንዚኑ በዚያው ልክ ካልተቀነሰ ሞተሩ ያጨሳል። አቶ አስማረ በካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የምትመጥነውን ትንሽ ናስ አውጥተው ቀዳዳዋ የጠበበ ሌላ ገጠሙበት። መኪናዋ ጢሷ ጠፋ፣ ጉልበት አገኘች። ባለመኪናውን ግን ወዴት እንደሚነዱ አልጠየቋቸውም። ወደ ቆላ ሲወረድ አየሩ ይወፍራል፤ ለደጋ የተመጠነው ቤንዚን ያንሳል፤ ሞተሩም ከልክ በላይ ይግላል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መምህር ፀጋው «እናትህ ታመዋልና ድረስ» ተብለው ወደ ቻግኒ ሲወርዱ፣ አሥራ ሰባት ኪሎ ሜትር ሲቀራቸው ሞተሩ ቆመ። በጭነት መኪና ተሳፍረው ሲደርሱ እናታቸው አርፈው፣ ተቀብረው፣ ለቀስተኛው ከመቃብር ተመልሶ አገኙ።

አቶ አስማረ ይቅርታ ለመጠየቅ ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ላኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ ተመለሱ። ቮልሷ በመምህር ፀጋው ግቢ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ቆመች። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ከተማ እየኖሩ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን እያስቀደሱ ሃያ አምስት ዓመት ሰላምታ አልተለዋወጡም።

በግንቦት 2017 ዓ.ም. የመምህር ፀጋው ልጅ ወይዘሪት ፀደይ ወደ ጋራዡ መጥታ «ጋሽ አስማረ፣ አባዬ ‹ሞተሩን ይሥራው፤ እኔን ግን እንዳያናግረኝ› ብሏል» አለቻቸው። አቶ አስማረ «ሞተሩ ካናገረኝ ይበቃል» ብለው መኪናዋን በዚያው ቀን አስገፍተው አስገቡ።

ሞተሩን ሲፈቱ ከአራቱ ፒስተኖች ሦስተኛው አናቱ ቀልጦ፣ የጣት ጫፍ የሚያስገባ ቀዳዳ ተገኘበት። የከተማው መካኒኮች ለዓመታት «ዘይት ሳይጨምር ነድቶት ነው»፣ «የማራገቢያው ቀበቶ ተበጥሶበት ነው» እያሉ ጥፋቱን በነጂው ላይ ያደርጉ ነበር። አቶ አስማረ ዘይቱን ለኩ፤ ልክ ነበር። ቀበቶውን አዩ፤ አልተበጠሰም። በግራው ገጽ የጻፉት እንዲህ ይላል፦ «ዘይት ሙሉ። ቀበቶ ደኅና። ፒስተኑን ያቀለጠው የቤንዚን ማነስ ነው። ናሷን የለወጥሁት እኔ ነኝ።» የቀለጠውን ፒስተን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ከገጹ ግልባጭ ጋር በፀደይ እጅ ለአባቷ ላኩ። ዝም ቢሉ የሚያውቅባቸው ሰው አልነበረም።

ለወራት መልስ አልመጣም። እርሳቸው ሥራውን ቀጠሉ። ፒስተኖቹንና ሲሊንደሮቹን ከአዲስ አበባ አስመጡ፤ የሞተሩን አካል በቤንዚን አጥበው እያንዳንዱን ቡሎን በእጃቸው አጠበቁ። መስከረም 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ሞተሩ ተነሣ። የካቻቢቴውን እጀታ ከጆሯቸው፣ ጫፉን ከሞተሩ አስደግፈው ሲያዳምጡ ቆዩና ለወይዘሮ ውዴ «አራቱም ይተነፍሳሉ» አሏት። ለቆላው መንገድ የሚሆነውንም ናስ ገጠሙ።

ባለፈው ሰኞ ፀደይ የአባቷን መልስ ይዛ መጣች። «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አብረን ቻግኒ እንወርዳለን። መንገድ ላይ ከቆመች የምትገፋው አንተ ነህ።» አቶ አስማረ መልእክቱን ሁለት ጊዜ አስደገሟት። ከዚያም እየሳቁ ወደ ቤት ገብተው ጋቢያቸው እንዲታጠብ አዘዙ።

በዚህ ቦታ ስለ ሕመማቸው መጻፍ ነበረብን። የምንጽፈው ሕመም የለም። ረቡዕ ማታ እንደ ልማዳቸው በልተው ተኙ። ሐሙስ፣ ጥቅምት 20 ቀን፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ጋራዡ ገቡ፤ የቫልቭ ክፍተት የሚስተካከለው ሞተሩ ሳይሞቅ ነውና። ከስምንቱ ቫልቮች ስድስቱን አስተካከሉ። ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ «ትንሽ ልረፍ» ብለው በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ፤ ከዚያም ወደ ጎን አዘነበሉ። በባጃጅ ሐኪም ቤት ስናደርሳቸው ሁለት ሰዓት ከሃያ አምስት ነበር። ሐኪሙ ልባቸው መንገድ ላይ ሳለን መቆሙን ነገረን። በተወለዱ በ62 ዓመታቸው ዐረፉ። ይህን ስንጽፍ የታጠበው ጋቢ ገና ከገመዱ አልወረደም።

ከኋላቸው ባለቤታቸውን ወይዘሮ ውዴን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና ሁለት እህቶቻቸውን ትተዋል።

መምህር ፀጋው ትናንት በአራት ሰዓት ለቅሶ ቤት ደርሰው ለወይዘሮ ውዴ የተናገሩትን ቃል በቃል እናኖራለን፦

«ውዴ፣ እሑድ መኪናው ውስጥ ልነግረው ነበር። ያን ጊዜ ስለ እናቴ የተላከው መልእክት የደረሰኝ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። ሞት በመልእክት እንደማይላክ፣ ታመዋል እንደሚባል ማንም ያውቃል። እኔ እውነትም የታመመች መስሎኝ የተማሪ ፈተና ላርም ተቀመጥሁ። ከቆሰበር የተነሣሁት በአምስት ሰዓት ነው። እናቴን በስድስት ሰዓት ቀበሯት። መኪናዋ የቆመችው ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ባትቆምም አልደርስም ነበር። ያን ዕለት ማታ ሰዓቱን ሲነግሩኝ አውቄዋለሁ። በራሴ ከምፈርድ በእርሱ መፍረድ ቀለለኝ።»

ይህ ቃል በቀብሩ ላይ በሕዝብ ፊት ይነበብ ያሉት ራሳቸው መምህር ፀጋው ናቸው። እውነት ይነበብ ወይ ብለን ዳግመኛ ጠየቅናቸው፤ «ይነበብ» አሉ።

ሞተሩን ያበላሹት አቶ አስማረ ናቸው፤ በእጃቸው ጽፈውታል፤ እኛም አንሰርዘውም። ልጅን ከእናቱ ቀብር ያስቀሩት ግን እርሳቸው አልነበሩም። ሃያ አምስት ዓመት ከሰባት ወር «ያስቀረሁት እኔ ነኝ» ብለው ኖሩ። ዛሬ ዓርብ፣ ጥቅምት 21 ቀን፣ እዚህ የቆምን ሁሉ እውነቱን ሰማን። እርሳቸው ብቻ አልሰሙም።

የሰውን ልብ የሚመረምር እግዚአብሔር ይህን ለነፍሳቸው ያሰማልን፤ ከደጋጎቹ አባቶች ጋርም ያሳርፋቸው። ለቀሩትም መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።