«እዚህ አይኖርም» ያልኩ ቀን

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል እማዬ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ደረጃውን ያለ ደጋፊ ትወጪዋለሽ ወይ? የአባዬ ዓይንስ ተሻለው? እኔ ጤናዬ ደህና ነው። ሌላው ግን ደህና አይደለምና፣ ከሰው አፍ ከምትሰሚው ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

ወንድሜ ኩርፍዬ ታስሯል። ተረጋጊ፣ አዲስ ጥፋት አጥፍቶ አይደለም። አምና የመጋዘኑ አለቃ ሲሰድበው በቡጢ መትቶት የተፈረደበትን አንድ ዓመት በገደብ እንዳለፉለት ታውቂያለሽ። ገደቡም እዚህ እኔ ጋ ባስመዘገበው ቤት እንዲኖርና በየሁለት ሳምንቱ ሰኞ ተቆጣጣሪው ዘንድ ቀርቦ እንዲፈርም ነበር። አንድም ሰኞ አላጓደለም፤ ትኩሳት እያንቀጠቀጠው እንኳ ሄዷል።

ጉዱ የመጣው በእኔ ነው። ባለፈው ወር አንድ ቦርሳ ያንጠለጠለ ሰውዬ በር አንኳኩቶ ወንድምሽ እዚህ ይኖራል ወይ አለኝ። ማን እንደሆነ እንኳ ሳልጠይቅ «እዚህ አይኖርም፣ ከሄደ ቆየ» ብዬ ዘጋሁበት። ለካ ተቆጣጣሪው ኖሯል! ምን ላድርግ፣ ወንድማችሁን የሚጠይቅ ባዕድ ሲመጣ የለም በሉ እያልሽ ያሳደግሽን አንቺ አይደለሽ? ሰውዬው ያልኩትን ጽፎ ሄደ። ኩርፍዬ ሰኞ ሊፈርም ሲሄድ፣ ሳታሳውቅ ቤት ቀይረሃል ብለው፣ ሊያስረዳ ሲሞክርም ሳይሰሙት፣ እዚያው ያዙት። ገደቡ ከተሻረ ዓመቱን ሙሉ ይታሰራል።

ከዚያ ወዲህ እግሬ እስኪቀጥን ዞርኩ። የነጻ ጠበቃ ቢሮ ሄጄ ተራዬ ሲደርስ የክሱን ወረቀት አምጪ አሉኝ። ፍርድ ቤት ስሄድ ደግሞ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ቀና እንኳ ሳትል፣ ወረቀቱ የሚሰጠው ለጠበቃ ብቻ ነው አለችኝ። ኧረ እንዲህ ያለ ነገር አለ? ሦስት ጊዜ አመላለሱኝ። በየቀኑ እያስፈቀድኩ ስለምወጣ፣ የሆቴሉ ማጠቢያ ክፍል አለቃዬ በአንሶላው ፈንታ እኔን ሊተኩሰኝ ምንም አልቀረው።

በመጨረሻ የተመደበችው ጠበቃ የፋይል ክምር ታቅፋ መጥታ፣ ኮሪደር ላይ ቆመን አሥር ደቂቃ ሰጠችኝ። ደግ ሴት ናት፣ ግን ስሙን ሁለቴ አሳስታ ጠራችው። ሐሙስ ዳኛው ፊት ቆመሽ ዋሽቼ ነው በዪ አለችኝ። ያን ቀን ዋሽተሽ ዛሬ በምን እንመንሽ ቢሉሽስ ብላም ጠየቀችኝና ፋይሎቿን ታቅፋ ሄደች።

ትናንት ይህንን ለኩርፍዬ ልነግረው እስር ቤት ሄድኩ። እንዳትመሰክሪ ብሎ ድርቅ አለ። ለምን ብዬ ስጮህበት፣ ያን ቀን ጓዳ ሆኖ ሁሉንም ሰምቶ እንደነበር ነገረኝ። ብቅ ቢል ኖሮ እኔ በባዕድ ሰው ፊት ዋሾ ልሆን ነበር፤ «ሰኞ ራሴ አስረዳለሁ» ብሎ ከጓዳ ሳይወጣ ቀረ። እማዬ፣ እኔን ላለማሳፈር ብሎ ነው የታሰረው! ልምታው ወይስ ልቀፈው አላወቅሁም። በመካከላችን ያለው መስታወት ለሁለቱም አይመችም። አልቅሼ ወጣሁ።

ለአባዬ እንዳትደብቂው፣ ቀስ ብለሽ ንገሪው። እህቴን ከነባሏ ሳሚልኝ፣ መንትዮቹንም ጉንጫቸውን እየነከስሽ። ለአክስቴም ሰላም በይልኝ፤ ወሬውን ግን ለእሷ አትንገሪያት፣ ታውቂያታለሽ።

እኔ ነገ እመሰክራለሁ፣ ቢያኮርፍም ያኩርፍ። በሰው ሁሉ ፊት ዋሾ መባሉን እችለዋለሁ። የማልችለው ብቻዬን ወደዚያ ቤት መመለሱን ነው።

ልጅሽ

ከማጠቢያው ክፍል፣ በምሳ ዕረፍት
ረቡዕ፣ ኅዳር 11 ቀን