የመስኮቱ ወንበር

ኅዳር 9

ጠዋቱን ቀርቀሃ ስሰነጥቅ ዋልኩ። ስንጣሪ አውራ ጣቴ ውስጥ ገብቶ በመርፌ አወጣሁት። ከሰዓት ቪዛው መጣ። የሁለታችንም።

ደስ ብሎኛል? ብሎኛል። ግን ሙሉ ደስታ አይደለም፤ ለራሴ ምን ልዋሽ። የግብዣው ወረቀት ላይ የወጣው ፎቶ የዐርዋ ወንበር ነው። የእኔ ጠረጴዛ ከኋላ ነው ያለው፣ ያውም ተቆርጦ… አንድ እግሩ ብቻ ይታያል።

ዐርዋን ለዚህ ሥራ ያበቃኋት እኔ ነኝ። ከአምስት ዓመት በፊት ከሆሞሻ ወደ አሶሳ ስትመጣ ሜትር አይታ አታውቅም። መሸመኑን ከቤቷ ይዛው ነው የመጣችው፣ እሱን አልክድም። መለካቱን፣ ቫርኒሹን፣ ደንበኛ ማናገሩን ግን ከእኔ ነው የተማረችው። አሁን ገዢ በመጣ ቁጥር «የዚያችኛዋ ወንበር የታለ?» ነው የሚለው። ያችኛዋ!

የምንሄደው ብራዚል ነው። ሳኦ ፓውሎ የሚባል ከተማ፣ የእጅ ሥራ ባዛር። ደብዳቤው መጨረሻ ላይ አንድ ነገር አለ፦ ከተጋባዦቹ አንድ ሰው መርጠው ለሦስት ወር ትምህርት ቤታቸው ያስቀራሉ፣ እንዲያስተምር። አንድ ሰው። እኔ ነኝ መሆን ያለብኝ። ለምን አልሆንም?

ደባልቄ ባጃጁን አቁሞ ሲገባ ይሄንኑ ነገርኩት። ባሌ እንደ ልማዱ ሳቀብኝ። ገና ሳትሄጂ ለመቅረት ታስቢያለሽ አለኝ።

ኅዳር 14

ነገ ጾም ይገባል። ደባልቄ ሥጋ ገዝቶ መጣ፣ ቅበላውን ጠግበን በላን። ጥርሴን እየጎረጎርኩ ከባዛሩ የላኩልንን ቅጽ ሞላሁ። የዐርዋንም የምሞላው እኔ ነኝ፤ እሷ ማንበብ አትችልም። አውሮፕላን ላይ ምን ዓይነት ምግብ ትፈልጋላችሁ ይላል። ለእሷ የሙስሊም ምግብ ብዬ ጻፍኩ። ለእኔ… ሁሉን እበላለሁ።

እኔ እንደሷ ሰው አላስቸግርም፣ እያልኩ ነበር በልቤ።

ኅዳር 29

ገበያ ወርጄ ነበር። አራት ሰው አስቆመኝ። አራቱም «ዐርዋ ልትሄድ ነው አሉ?» እኔስ? እኔ ሻንጣ ተሸካሚዋ ነኝ?

ታኅሣሥ 2 (አዲስ አበባ)

ከአሶሳ አንድ ሰዓት ገደማ በረርን። ዐርዋ በጨርቅ ከረጢት ለውዝ ሞልታ ታቅፋለች። እናቷ ከሆሞሻ ቆልታ ልካላት ነው። የነገው በረራ አሥራ ሁለት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ አየር መንገዱ ስንት ጊዜ የተሸለመ እንደሆነ፣ ምግቡም እንደሚተርፍ አስረዳኋት። ሳቀች። ከረጢቱን ግን አለቀቀችም።

ያረፍነው የአክስቴ ልጅ ዘነቡ ቤት ነው። ሻይ እየጠጣን ስልኬ ላይ ወንበር ምረጡ የሚል መጣ። ነካሁት። የአውሮፕላኑ ሥዕል ወጣ፣ ባዶው ወንበር በአንድ ቀለም፣ የተያዘው በሌላ። ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት ሆኖ የተደረደረ። ሠላሳ አንደኛው ረድፍ ላይ መስኮቱ ባዶ ነው። አጠገቡም ባዶ ነው።

መስኮቱን ለራሴ ያዝኩ። ለዐርዋ አጠገቤን ልነካ ስል… ጣቴ ወደ ኋላ ወረደ። ወረደ፣ ወረደ። መጨረሻው አካባቢ፣ መሃል ለመሃል፣ መጸዳጃ ቤቱ ጥግ። እዚያ አስቀመጥኳት። በወንበር አይደል ስሟ የተነሳው? ይኸው ወንበር።

ከጎኔ ተቀምጣ ስልኩን ታይ ነበር። አንድ ላይ ነን ወይ አለችኝ። ሞልቷል አልኳት።

ምን ነካኝ?

ታኅሣሥ 3 (ከአየር ላይ)

ሁሉም ነገር እንደሚወራለት ነው። ትንሽ ትራስ፣ ብርድ ልብስ፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ ፊት ለፊት ፊልም። አስተናጋጆቹ ሲያጎነብሱ ራሱ ደስ ይላሉ። ጉልበቴ ግን ከፊት ካለው ወንበር ጋር ተሳስሟል። መስኮቴ ደግሞ… ክንፍ ነው። እስከ መጨረሻው ክንፍ። ይሄንን ነው የሰረቅኩት።

አጠገቤ ሁለት ግዙፍ ነጋዴዎች ተቀምጠዋል። አዲስ አበባ ከዓይን ሳትጠፋ ሁለቱም ተኙ። ሽንቴ ይዞኛል። መቀስቀስ ነውር መስሎኝ ሦስት ሰዓት ያህል ቻልኩት። አሁንስ ሊፈነዳ ነው።

——

ሄጄ መጣሁ። ባልሄድኩ።

ዐርዋ ግራና ቀኟ ሰው የለም። ማንም አልመጣም። የወንበሩን እጅ መደገፊያዎች ሽቅብ አንስታ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ በሦስት ወንበር ላይ ሙሉ ቁመቷን ተዘርግታ ተኝታለች። በሦስት ብርድ ልብስ! አስተናጋጇ አልፋ ስትሄድ እግሯን አለበሰችላት።

ቆሜ አየኋት። የት ነው የምወስዳት ይህቺን ሴት? ሽንት ቤት ጥግ ወርውሬያት አልጋ ታገኛለች።

——

ምግብ መጣ። ዶሮ ወይስ ፓስታ በሥጋ? ጾም መሆኑ ያን ጊዜ ነው የታወሰኝ። የጾም አላችሁ አልኩ። አለ፣ ግን ቀድሞ ላዘዘ ነው። ልጅቷ ዝርዝሯን አይታ፣ በትሕትና፣ «እርስዎ ሁሉን እበላለሁ ብለዋል» አለችኝ። የቅበላው ቀን! ሥጋ በጥርሴ ይዤ የሞላሁት። ጾሙ የማይገባ መስሎኝ ነበር እንዴ? ዳቦና ፍራፍሬ ፈልጋ አመጣችልኝ፣ እግዜር ይስጣት።

ዳቦውን እያላመጥኩ ዐርዋ በመተላለፊያው መጣች። ፊቷ ላይ የትራሱ መስመር ታትሟል። ከረጢቷን በሁለቱ ሰዎች አሻግራ ዘረጋችልኝ። ዐርዋ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የምትለው።

«ሰገነት፣ አንተ ጾም ነህ አይደል? እነሱ ዶሮ ነው የሚሰጥ። ይሄ ያዝ።»

ቀጥላ ኋላ ሰፊ ነው፣ ና እግርህን ዘርጋ አለችኝ። እዚሁ ተመችቶኛል አልኳት። ለምን አልሄድኩም? አልጋዋን ሰጥታኝ ደግሞ እሷን ላመሰግን?

ለውዙን ግን በላሁ። ጨው በልኩ ነው።

——

ጠዋት ነው የተነሳነው፣ ፀሐይዋ አብራን ትሄዳለች። ስንት ሰዓት በርረን አልጠልቅ አለች። ቀኑ እንዲህ ረዝሞብኝ አያውቅም።

ታኅሣሥ 4 (ሳኦ ፓውሎ)

እግሬ አብጧል። የዐርዋ አላበጠም።

ታኅሣሥ 7

ባዛሩ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሰው የዐርዋ ወንበር ላይ ለመቀመጥ ይሰለፋል። ይቀመጣሉ፣ ይነሳሉ፣ ገልብጠው ሽመናውን ያያሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ። ተራቸው እስኪደርስ ቦርሳቸውን የት ያስቀምጣሉ? የእኔ ጠረጴዛ ላይ።

ታኅሣሥ 8

የባዛሩ አስተባባሪ ለብቻዬ ጠራችኝ። ልቤ ዘለለ። እኔ ነኝ ብዬ… ሻሼን ሁሉ አስተካከልኩ።

ዐርዋን ነው የመረጡት። እኔን የጠራችኝ እንግሊዝኛ ስለምሞክር ነው። ለጓደኛሽ ንገሪልን፣ እስከ ነገ መልስ እንፈልጋለን አለችኝ።

ዐርዋ ሴትዮዋ ምን እንዳለችኝ ጠየቀችኝ። ሥራሽን ወደውታል አልኳት። እሱን ብቻ።

ነገ «ልጆች አሏት፣ አትቆይም» ብላቸውስ? ውሸትም አይደለም። ሁለት ልጆቿ እናቷ ዘንድ ናቸው፣ ገና ሕፃናት። ማን ያውቃል? አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ከዚያ ምናልባት ወደ እኔ ይዞራሉ…

የወንበሩ እንኳ ቢሆን አሥራ ሁለት ሰዓት ነበር። ይሄ ሦስት ወር ነው።

ታኅሣሥ 9

ነገርኳት።

ጠዋት አልጋዋ ላይ ተቀምጣ የቀረውን ለውዝ ለሁለት ስትከፍል አገኘኋት። አንዱን ክምር ታያለች፣ ሌላውን ታያለች፣ ከራሷ አንስታ ወደ እኔው ትጨምራለች። መጀመሪያ የወጣኝ የባዛሩ ነገር አይደለም፣ የወንበሩ ነው። ሞልቷል ያልኩሽ ውሸቴን ነው አልኳት።

ቀና አላለችም። «አውቃለሁ» አለች። «ማንበብ አላውቅም። ሥዕል አውቃለሁ። አንተ አጠገብ ባዶ ነበር።»

ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?

«አንተ ተናደሃል። ፎቶው ከመጣ ጀምሮ ተናደሃል። ኸላስ፣ በቃ ይበርድለታል አልኩ።»

ፊቴን የማደርግበት አጣሁ። ከዚያ ሌላውን ነገርኳት፣ ሳላስቀር፣ ትናንት መደበቄን ጭምር። እሷ እኮ እኔ የምቀር መስሏት ነበር። ለልጆቼ ብቻዬን ምን ይዤ እገባለሁ እያለች ስታስብ ነው የሰነበተችው።

ፈርታለች። ቋንቋ የለ፣ ሰው የለ። ስታስተምሪ እጅሽን ነው የሚያዩት አልኳት። በየሳምንቱ ሆሞሻ ወርጄ ልጆቹን አያለሁ፣ በስልክ አገናኝሻለሁ አልኳት። ለመንኳት ማለት ይቀላል። እኔ! እንድትቀር እየለመንኩ!

«ወላሂ በል» አለችኝ።

በእኛም በእሷም ማልኩላት። ከሰዓት ለአስተባባሪዋ እሺ ብላለች አልኳት። እንግሊዝኛ እንደዚያ ከብዶኝ አያውቅም። መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። በደስታ ነው ልበል? አይደለም። ቀንቼ ነው።

ታኅሣሥ 13 (አሶሳ)

ገባሁ። ደባልቄ ሻንጣዬን ባጃጁ ላይ ሲጭን ዙሪያዬን አየና ብቻሽን ነሽ እንዴ አለ። ነገርኩት። ዛሬ አልሳቀብኝም።

ቅናቱ ወጣልኝ? አልወጣም። ከሰዓት ሱቅ እንደከፈትኩ አንዱ መጥቶ «የዚያችኛዋ ወንበር…» ሲል እንደ ድሮው ቆነጠጠኝ። ዐርዋ ነው ስሟ አልኩት። ሦስት ወር ጠብቅ። ቅዳሜ ሆሞሻ እወርዳለሁ፣ ለልጆቹ የላከችውን ጫማ ይዤ።

የመልሱን በረራ ገና አልጻፍኩም። አንድ ቀን ሲቀረው ስልኬ ወንበር ምረጡ አለኝ። የእሷን ትኬት ገና አልቀየሩትም፣ የሁለታችንም ስም ወጣ። ያው አውሮፕላን፣ ያው ሥዕል። እንደማትመጣ አውቃለሁ። ቢሆንም ለዐርዋ ሠላሳ አንደኛው ረድፍ፣ መስኮቱን ያዝኩላት። ለእኔ አጠገቧን።

ዳር የተቀመጠ ሰው አልነበረም። ሦስቱም ወንበር ለእኔ ቀረ፣ በመሄጃችን የቀናሁበት አልጋ ይኸው ተነጠፈልኝ። አልተኛሁበትም። የመስኮቱ ወንበር ላይ ዐርዋ ድርሻዬን የሞላችልኝን የለውዝ ከረጢት አስቀመጥኩ። ቀበቶውንም አሰርኩለት፣ እንደ ጅል።

መንገድ ላይ አንድ ረጅም ሰውዬ ከኋላ መጣ። እግሩ ደንዝዞበታል፣ ያሳዝናል። ከረጢቱን አየና «እህት፣ መስኮቱ ጋ ክፍት ነው?» አለኝ።

«ሰው አለው» አልኩት።