አንድ ቃል በአንድ ሰዓት

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣ ለጋሼ፤

እንደምን ሰነበትክ ጋሼ? ጉልበትህስ ተሻለህ? ባለቤትህን ያ የማይለቃት ሳል ተዋት ወይ? ልጆቹ ቁመታቸው በር አላስገባ ብሏል አሉ፤ ያሳድጋቸው። አለቃህስ ለቀቅ አደረገህ ወይስ አሁንም ሰዓቱን እያየ ያጉረመርማል? እኔ፣ ባለቤቴና ልጆቼ ቆመን እንሄዳለን። እማማ ደህና ናት። ይህን ቀድሜ የምነግርህ፣ የቀረውን ስታነብ ዓይንህ የእሷን ነገር ፍለጋ ወደ ታች እንዳይሮጥ ነው። አንተ ያመጣህልን ጡረተኛ ጋዜጠኛ ካስተማረን አንዱ ይኸው ነበር፤ ሰው የሚፈራውን መጀመሪያ ንገሩት፣ ከዚያ የቀረውን በጆሮው ይሰማችኋል ይለን ነበር።

በስልክ ያልነገርኩህ ስትደውል እማማ አጠገቤ ስለምትሆን ነው። ስልኩን ከእጄ ነጥቃ "በልተሃል ወይ?" ካለችህ በኋላ ሌላ ነገር መግቢያ የለውም። ስለ ማክሰኞው ስብሰባችንም በጠየቅከኝ ቁጥር "ደህና ነው" ስልህ ከርሜአለሁ። ደህና አይደለም። ስብሰባውም የለም።

የመደብሩን ጓዳ መቼም አትረሳውም። ጀሪካኑ እስከ ጣሪያ ተደርድሮ፣ ባልዲው ተደፍቶ ወንበር ሆኖ፣ አንተ መሃል ላይ ቆመህ ስትከራከር አሁንም ይታየኛል። ያን ጊዜ በመቃብር ቦታው ድንበር የተነሳ የመስጊዱ ማይክ አንድ ነገር፣ የቤተ ክርስቲያኑ ማይክ ሌላ ነገር ተናግሮ ሰፈሩ ድንጋይ ሊወራወር ደርሶ ነበር። አንተ ግን ሼኩንና ቄሱን ትተህ ማይክ የሚይዙትን በየማክሰኞው ጓዳዬ ሰበሰብክ። "ራሶቹ ይዋደዳሉ፣ የሚያጣሉን አፎቹ ናቸው" አልክ። እኔ ደግሞ ባልዲዎቼ ተሰነጠቁ ብዬ አኩርፌ ነበር። ከዚያ በኋላ ሰዎቹ ባልዲዎቹን ለመዱ፣ እኔም ሰዎቹን ለመድኩ።

ደወል መቼም ያንተው ነው፤ አብራችሁ ነው ያደጋችሁት። የመስጊዱን አዛን የሚያሰማ ሰው በቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ደወል ተብሎ ስም ሲወጣለት አለመቆጣቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል። "አላህ ድምፅ ሰጠኝ፣ እናንተ ደግሞ ናስ አደረጋችሁት" እያለ ይስቅ ነበር። በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ማስታወቂያ የምታነበው ልብስ ሰፊዋ ናት፤ አፏ ውስጥ መርፌ የያዘች ይመስል ቃል እየቆጠበች የምትናገረው። ከጸሎት ቤቱ ፀጉር አስተካካዩ ይመጣል፤ እሱ ማይክ የለውም፣ በስልክ ለሰፈሩ ሁሉ መልእክት ይበትናል። አንተ ከሄድክ በኋላ ብዙ ተማሩ። "ይባላል" የሚል ቃል ከማስታወቂያ አወጡ። የቤተ ክርስቲያኑ መብራት ሲጠፋ የመስጊዱ ጄኔሬተር እየተገፋ ይሄዳል፤ የመስጊዱ ወረቀት በቤተ ክርስቲያኑ ማሽን ይባዛል። የጠፋ ልጅ ሲፈለግ፣ የክትባት ቀን ሲደርስ፣ መንገድ ሲዘጋ፣ ሰፈሩ የሚሰማው ከእነሱ ነበር።

ከሁሉም በላይ ግን አንተ የተውክልን ደንብ ነበር፤ አንድ ቃል በአንድ ሰዓት። ማንም ቀድሞ አይናገርም፣ ማንም ወደኋላ አይቀርም፤ ያኔ "ደበቁን" የሚል አይኖርም። ለሰውም በየማስታወቂያው መጨረሻ "ከሁለቱም ወገን ያልሰማችሁትን አትመኑ" እንለው ነበር። እኔ በንግድ ዓለም ኖሬ እንዲህ ያለ የታመነ ዕቃ አላየሁም። ሰው ለመደ፣ ሰው አመነ። ይህን የምልህ ደንቡ መጥፎ ነበር እንዳትል ነው።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። አንድ ዓርብ ከቀትር በፊት የውሃ ቢሮው ቴክኒሻን ላቡን እየጠረገ መደብሬ ገባ። ከላይ ካለው የቀለም ፋብሪካ የሚወጣው ፍሳሽ በተሰበረ ቱቦ በኩል ወደ ውሃ ማጠራቀሚያው ገብቷል አለኝ። መስመሩን ዘግቼዋለሁ፣ ችግሩ ጠዋት በየቤቱ የተቀዳው ነው፤ ጠርቶ ይታያል፣ ሽታም የለውም፣ ቢፈላም አይጠጣ አለ። ወደ እኔ የመጣው የእኛ ሰዎች ከተናገሩ ሰው እንደሚሰማ ስለሚያውቅ ነው። ቃሉን እዚያው ቆሜ ጻፍኩ፣ ለሦስቱም ላክሁ፣ የቤቴንም የእማማንም ጀሪካን ደፋሁ። ነገሩ እጃቸው ገባ ብዬ ወደ ሥራዬ ዞርኩ።

በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ያን ሰዓት ቀብር ነበር። ልብስ ሰፊዋ ሬሳ ተቀምጦ፣ ሰው እያለቀሰ፣ በማይክ "ውሃ አትጠጡ" ማለት ከበዳት። ቀብሩ እስኪያልቅ ጠብቁኝ ብላ ለደወል ላከች። ደወል የጁምዓ ሶላት ያኔ ማብቃቱ ነው፤ ሕዝቡ ገና ከሰልፉ አልተበተነም፣ ማይኩ እጁ ላይ ነው። እነሱ ሐዘን ላይ ሆነው እኛ ብንቀድም ደስ አይልም፣ ደንብም ነው ብሎ ማይኩን አስቀመጠ። ሰዉ ወደየቤቱ ምሳ ሊበላ ሄደ። ቀብሩ ሲያልቅ ልብስ ሰፊዋ ተዘጋጅቻለሁ ልትል ስልኳን አነሳች፤ የሰማችው አዛን ነው፣ የከሰዓቱ ሶላት ደርሷል። ሰው አምላኩ ፊት ቆሞ እንዴት ይደወልበታል ብላ እሷም በተራዋ ጠበቀች። ፀጉር አስተካካዩ መልእክቱን ጽፎ ጣቱን ስልኩ ላይ እንዳደረገ ሁለቱ ታላላቆቼ ሳይሉ እኔ ማን ነኝ ብሎ ተቀመጠ። በር ላይ "ቅደም"፣ "የለም አንተ ቅደም" የሚባባሉ ሰዎችን ታውቃለህ፤ ምግቡ ውስጥ ሆኖ ይቀዘቅዛል። የእኛዎቹ በር ላይ ቆመው የቀዘቀዘው ሰው ነው።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከሁለቱም ማይክ በአንድ ጊዜ ተናገሩ። ጋሼ፣ እንደዚያን ቀን አምሮላቸው አያውቅም። አንድ ቃል እንኳ ሳይቀዳደሙ፣ የደወል ድምፅ ከታች፣ የልብስ ሰፊዋ ከላይ፣ አንድ ሰው የሚናገር ይመስል ነበር። እኔም ሒሳቤን ትቼ አዳመጥኩ፣ ኮራሁም። ያን ጊዜ ሳቂታ ምሳዋን ሠርታ፣ በልታ፣ ውሃዋን ጠጥታ፣ ለጎረቤትም በጆግ ሰጥታ ነበር። የደወልን ሚስት ማለቴ ነው። አንተንና ባሏን አንድ ሳህን ላይ አስቀምጣ "ሁለት ሆዳም ወለድኩ" ስትላችሁ የነበረችውን። ደወል ከመስጊድ ስላልወጣ ለገዛ ቤቱ አልነገረም። ሁሉም እኩል ይስማ ብሎ ነው።

ሳቂታ ሆስፒታል ገብታ አልወጣችም። ቀባሪዎቹ ከቀብር መልስ ውሃ ተሰጥቷቸው ነበርና ከእነሱም ሞተዋል። ስማቸውን አልጽፍልህም፤ የምታውቃቸው አሉበት፣ አንድ በአንድ ብነግርህ እዚያ ብቻህን ሆነህ የምታለቅስበት ሰው የለህም። የሳቂታን ግን ልደብቅህ አልቻልኩም። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው ይባል የለ፤ እኛን በይሉኝታ ወሰደን።

ከዚያ በኋላ የመጣው ደግሞ እንዳይመጣ ብለን ደንቡን ያወጣንበት ያው ጠብ ነበር። በቤተ ክርስቲያኑ በኩል፣ እነሱ ቀትር ላይ ያውቁ ነበር፣ ቀባሪዎቻችን ሲጠጡ ዝም ብለው አዩ ተባለ። በመስጊዱ በኩል፣ እኛ ልንናገር ስንል እነሱ አስቆሙን ተባለ። ሁለቱም ውሸት አይደለም፤ የከፋውም ለዚህ ነው። ውሸት ቢሆን ማክሰኞ ተቀምጠን እናስተባብለው ነበር። እኔም ድርሻዬን አላጣሁም። ጀሪካን ሻጯ ዕቃዋ እስኪሸጥላት ወሬውን ያዘችው አሉ። በነጻ ማደል ስጀምር ደግሞ ያልበደለ አይክስም አሉ። ብሸጥ ስግብግብ፣ ብሰጥ ጥፋተኛ ሆንኩ። የእማማ ጀሪካን ቀድሞ መደፋቱም ተነገረ። ይህም ውሸት አይደለም።

መጀመሪያ የቀረው ፀጉር አስተካካዩ ነው። ባለቤቴ ሊቆረጥ ሲሄድ ስለ ሙቀቱ ብቻ አወራኝ ብሎ መጣ። ልብስ ሰፊዋን ሽማግሌዎች ጠርተው ወደ እኔ ጓዳ እንዳትደርስ አዘዟት። ደወል ግን ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣ ነበር። ባልዲ ራሱ ያወርዳል፣ ይደፋል፣ ይቀመጥበታል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ይነሳል። አዛኑን አሁን ሌላ ሰው ነው የሚያሰማው። አንድ ቀን "እንደ ወትሮህ እንኳ ስደበኝ" አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና ባልዲውን ወደ ቦታው መለሰው። በሚቀጥለው ማክሰኞ አልመጣም። የዕለት ማስታወሻዬን ዛሬም እጽፋለሁ፤ በማክሰኞ ስር ግን የምጽፈው የለኝም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ደብዳቤ አልጻፍኩልህም ነበር፤ ምን ያደርግለታል ብዬ። የጻፍኩልህ በትናንትናው ምክንያት ነው።

ትናንት ረፋድ ላይ ቴክኒሻኑ እንደገና መጣ። ቱቦው ተጠግኗል ተብሎ ውሃው ተለቆ ነበር፤ ጥገናው አልያዘም፣ ያው ፍሳሽ እንደገና ገብቷል። በዚህ ጊዜ ለማንም አልላክሁም። መደብሩን ክፍት ትቼ ደወል ቤት ሄድኩ። በሩ ላይ የሳቂታ ጫማ እንደ ድሮው ተቀምጧል። ነገርኩት። "ማን ይቀድማል?" አለኝ።

"ማንም ማንንም አይጠብቅ። አንተ ተናገር" አልኩት።

ሄደ ጋሼ። ተነሥቶ ጫማውን እንኳ በቅጡ ሳያጠልቅ ሄደ፣ ማይኩንም ያዘ። መጀመሪያ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር፤ በኋላ ድምፁ ተሰነጣጥቆ ወጣ። ውሃውን አትጠጡ፣ የቀዳችሁትን ድፉ አለ። ደጋግሞ አለ። እኔ በደስታ እግሬ እየተሳሰረ ወደ ልብስ ሰፊዋ ሮጥኩ። የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣለች፣ እግሯ ከመርገጫው አልተነሳም። ሰምታለች። "የማይኩን ክፍል ቁልፍ ወስደውብኛል" አለችኝ። ቁልፉ ያላቸው ሰዎች ዘንድ ሄድኩ፤ ያችው ጀሪካን ሻጭ መጣች ብለው ከበር መለሱኝ።

ስመለስ መንገዱ በሰው ተሞልቷል። ጀሪካናቸውን አቅፈው፣ ጆሯቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዘንብለው ቆመዋል። ማንም አልደፋም። የደወል ድምፅ ከላያቸው ይጮኻል፣ እነሱ ሌላኛውን ይጠብቃሉ። አንዲት ሴት ልጇን በኩባያ ታጠጣለች። "እትዬ፣ አልሰማሽም?" አልኳት።

"ሰማሁ፤ የወዲያኛውን እየጠበቅሁ ነው" አለችኝ። "ከሁለቱም ወገን ያልሰማችሁትን አትመኑ ያላችሁን እናንተው አይደላችሁም እንዴ?"

ኩባያውን ከእጇ ነጥቄ ደፋሁት፤ ጮኸችብኝ። ከዚያ በየበሩ ሄድኩ። የደፉ ደፉ፣ በሩን የዘጉብኝም አሉ። ደወል ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ተናግሮ ወረደ። ዛሬ ጠዋት በክሊኒኩ በር ሳልፍ ሰው ግቢውን አልፎ እስከ መንገዱ ተቀምጧል። ስንቱ እንደሚነሳ አላውቅም።

አልወቅስህም፤ ደንቡን ያወጣኸው አንተ ብትሆንም የወደድነው ሁላችንም ነን። ማስተማርን ተማርን፤ ያስተማርነውን እንዴት እንደምናስረሳ ግን ያስተማረን የለም። እኔ ያልሸጥኩትን ዕቃ ከመደርደሪያ ማውረድ እችላለሁ፣ የሸጥኩትን ግን ከሰው ቤት አልሰበስብም። ለደወል ደውልለት። ምን ብዬ አትበለኝ፤ እኔም የምለው አልቆብኛል።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፣ ሳሏን ችላ አትበል። ልጆቹን ጉንጫቸውን ሳምልኝ፤ ታናሽየው የእኔን ድምፅ እንዳይረሳ በስልክ አምጣልኝ። ባለቤቴ ሰላም ይልሃል፣ ዛሬ እሱም በየበሩ እየዞረ ነው። ትልቋ ልጄ የላክህላት ቦርሳ ደርሷታል፣ ታመሰግንሃለች። ትንሿ በሥዕል መልስ እሰጠዋለሁ ብላ ጀምራው አልጨረሰችም። ደወል ሰላም በይልኝ አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። እማማ ይኸው አጠገቤ ተቀምጣ ለማን እንደምጽፍ አውቃለች። "ሁላችንም ደህና ነን በይው" ብላለች። ይህን ግን ሁለተኛ ሰው አላረጋገጠውም።

እህትህ

ከመደብሩ ጓዳ
ሐሙስ ግንቦት 14