ለትሑቱ ክራር መቺ

አወት፣
የሥራ ኢንተርቪው ስላለኝ ሳትነሳ ወጣሁ። ሽሮው ምድጃው ላይ ነው፣ አሙቀህ ብላ።

ለሙዚቀኞች የሚሰጠውን የግራንት ገንዘብ ማመልከቻህን «እስቲ እየው» ስላልከኝ አየሁት። «ለምን አንተን እንምረጥ?» ብለው ቢጠይቁህ «ከእኔ የሚበልጡ ብዙ አሉ» ብለህ የሌላ ክራር መቺ ስልክ ትሰጣቸዋለህ? በር ላይ ቆመን «አንተ ቅደም፣ አንተ ቅደም» የምንባባልበት መሰለህ እንዴ! የኦይል ዋጋ ወድቆ ግማሹ ካልጋሪ ከሥራው ሌይኦፍ በተደረገበት ጊዜ፣ ሙዚቀኛው ሁሉ ለዚህች ግራንት ሲጋፋ፣ የኛ ጨዋ ተራውን ለሰው ይለቃል።

ያንተን አጥፍቼ ራሴ ጻፍኩልህ። አንብበህ እንዳታፍርና እንዳታበላሸው። ዴድላይኑ ዛሬ ነው፣ ዝም ብለህ ሳብሚት አድርግ።

«ሥራህን የሚያውቅ ሰው ይመስክር» የሚለውንም ሞልቼዋለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት በክፍሎቻችን መሃል ባለው ግድግዳ በኩል እንደሰማሁህ ጻፍኩ። እኔም ሌይኦፍ የተደረግኩ ሰሞን ከአልጋ የሚያስነሳኝ ያንተ ክራር ብቻ እንደነበር ጻፍኩ።

ጫማዬን አንስቼ ግድግዳውን ስደበድብብህ መኖሬን ግን አልጻፍኩም።
ቦታው አልበቃኝም።

ገረመው