ከማኅተሙ ሥር የቀረው ማስጠንቀቂያ

ለታሸጉ ምግቦች ቁጥጥር መሥሪያ ቤት
የመለያ ጽሑፍና ማኅተም መምሪያ ክቡር ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና በሥርዎ ላሉት ባለሙያዎች ጤና እንዲበዛላችሁ፣ በተለይም ሆዳችሁ ሰላም ውሎ ሰላም እንዲያድር እመኛለሁ። የሆድ ሰላም ሲጠፋ አንድ ቤት እንዴት እንደሚታመስ ባለፉት ወራት በቅርብ ስላየሁ፣ ምኞቴን የአፍ ብቻ አድርገው እንዳይቆጥሩብኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። ብዙም የሚሰማኝ ነገር የለም። ሙጫ ጣት ላይ ሲደርቅ የሚነኩት ነገር ሁሉ አንድ ዓይነት እንደሚሆን፣ እኔም ሰሞኑን እንደዚያ ነኝ፤ ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ቁጣ ቢያጡ ከአክብሮት ብቻ የመጣ አይምሰልዎ።

ማን እንደሆንኩ ላስረዳ። በአንድ ማተሚያ ቤት የለጣፊዎች ጠረጴዛ ኃላፊ ነኝ። ከመሥሪያ ቤታችሁ በጥቅል የሚላክልንን ብርማ ክብ ማኅተም፣ ያንን «ተፈትሾ አልፏል» የሚለውን፣ ታትሞ በመጣ የምግብ ፓኬት ጀርባ ላይ በእጅ የምንለጥፈው እኛ ነን። ዐሥራ ሁለት ሴቶች በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን፣ ግራ እጃችን ፓኬቱን ይይዛል፣ ቀኝ አውራ ጣታችን ማኅተሙን ይጫናል፣ አፋችን ደግሞ የሰው ጉዳይ ያነሳል። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሠርቻለሁ፤ ማኅተማችሁን ከእኔ በላይ የሚያውቀው ያለ አይመስለኝም።

ቅሬታ በቁጥር ይቅረብ ስለምትሉ በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. መምሪያችሁ ሁለት መመሪያዎች አሉት፤ ሁለቱም ግሩም ናቸው። አንደኛው፣ በስኳር ፈንታ ሌላ ማጣፈጫ የገባበት ምግብ ሁሉ ማስጠንቀቂያው በፓኬቱ ጀርባ፣ በቀኝ በኩል ግርጌ ላይ ይታተም ይላል። ሁለተኛው፣ ማኅተሙ በፓኬቱ ጀርባ፣ በቀኝ በኩል ግርጌ ላይ ይለጠፍ ይላል። ሁለቱን መመሪያዎች የጻፉት ባለሙያዎች ፊት ለፊት በሚተያዩ ሁለት ክፍሎች ውስጥ እንደሚሠሩ በኋላ ሰምቻለሁ፤ አንዳቸው ሌላውን ላለመረበሽ ያሳዩት ጨዋነት የሚያስመሰግን ነው።

ስኳር የለሽ የተባለው ብስኩት ፓኬት መጀመሪያ ጠረጴዛችን ላይ ሲደርስ ነገሩን ያየሁት እኔ ነኝ። ማኅተሙ የሚያርፈው ጽሑፉ ላይ ነበር። ሁለት ጣት ያህል ወደ ግራ ብናስጠጋውስ ብዬ በደብዳቤ ጠየቅኩ። መልሱ በሳምንቱ መጣ፤ ለፍጥነታችሁ ዛሬም አመሰግናለሁ። እንዲህ ይላል፦ «ማስጠንቀቂያው በፓኬቱ ላይ መታተሙ በቂ ነው፤ መነበቡ በመመሪያው አልተጠቀሰም።» ከደብዳቤው ጋር አንድ ባለሙያ ማስመሪያ ይዞ መጥቶ ለካ፣ አንዳንዱ ማኅተም ዘንበል ብሎ የጽሑፉ ጫፍ እንደሚታይ አሳየን፣ ሥራው ንጽሕና ይጎድለዋል ብሎ ሄደ።

እኔም ሥራቸው ንጽሕና ይጎድለዋል ከሚባሉ ሴቶች አይደለሁም። ከወፍራም ካርቶን መሐሉ ክፍት የሆነ ልክ ማሳያ በመቀስ ቆርጬ ለዐሥራ ሁለታችንም አደልኩ። ካርቶኑን ፓኬቱ ላይ ጣል፣ በቀዳዳው ውስጥ ማኅተሙን ጫን፣ ካርቶኑን አንሳ፤ አለቀ። ከዚያ በኋላ አንዲት ፊደል እንኳ ጫፏ አልታየም። በጠረጴዛችን ላይ የሁላችንም ታላቅ የሆነች አንዲት ሴት አለች፤ እጇ ስለሚንቀጠቀጥ ማኅተሟ ሁልጊዜ ያዘነብላልና «እትዬ ዘንበል» እንላታለን። የእሷን ሥራ ሦስት ጊዜ እየመለስኩ አስደገምኳት። እሷም መነጽሯን እየወለወለች ደገመችው።

፪ኛ. በዓመቱ መጨረሻ የብስኩት ፋብሪካው ለለጣፊዎች በሙሉ አንዳንድ ካርቶን ብስኩት ሸለመን። እኔ ደግሞ ስኳር ያለበት አባት አለኝና ደስ ብሎኝ ተሸክሜ ገባሁ። ሰውየው ሻይ በባዶው እየጠጣ፣ ጣፋጭ ነገር በሩቅ እያየ ስድስት ዓመት ኖሯል። አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የአውቶቡስ ትኬት ተቆጣጣሪ ነበር። የትኬቱን ፊትም ጀርባም ሳያይ አንድም ተሳፋሪ አሳልፎ አያውቅም፤ ዛሬም ቢሆን እጁ የገባውን ወረቀት ሁሉ፣ የመድኃኒት ካርቶን ይሁን የመብራት ደረሰኝ፣ አገላብጦ ሳያነብ አያስቀምጥም። ብስኩቱንም አገላበጠው። ፊቱን አነበበ፣ ጀርባውን አነበበ፣ ማኅተሙን በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገና «ተቆጣጣሪ ካየው ምን ቀረ» ብሎ ከፈተው። በሙያ ባልደረባነት ያመናችሁ ሰው ነበር ለማለት ነው።

ስኳር የለሽ ማለት ለእሱ እንዳሻህ ብላ ማለት ሆነ። መጀመሪያ ሁለት ነበር፣ ከዚያ ግማሽ ፓኬት፣ ከዚያ ፓኬቱ በሙሉ። በሁለተኛው ሳምንት ሆዱ ከበሮ ሆነ። ከሳሎን ሆነን መጮኹን እንሰማው ነበር። ያን ኩሩ ሰውዬ፣ በተሳፋሪ መሐል ቀጥ ብሎ ቆሞ ጡረታ የወጣውን ሰው፣ ሱሪውን ይዞ ወደ መጸዳጃ ቤት ሲሮጥ ማየት አንጀት ይበላል። ጤና ጣቢያ ውሃ አፍሉ አሉን፤ አፈላን። ጎመን ተዉ አሉን፤ ተውን። ባቄላ፣ ወተት፣ በርበሬ፣ አንድ በአንድ ከቤታችን ወጡ፤ ብስኩቱ ብቻ ቀረ፤ ምክንያቱም እሱ ተፈትሾ አልፏል። እንዲያውም ሌላው ሁሉ ሲከለከል ይኼ እንኳ ይግባለት እያልኩ ጨምሬ የማቀርብለት እኔ ነበርኩ።

፫ኛ. ሦስተኛው ቅሬታዬ ስልካችሁን የሚያነሳ ሰው አለመኖሩን የሚመለከት ነበር። በኋላ ሳስበው ምናልባት ሰውየውን ሆዱን አሞት ይሆናል ብዬ ትቼዋለሁ።

፬ኛ. አባቴ ውሻ ነበረው። የትም ቢሄድ ከኋላው ስለማይጠፋ፣ ወንበሩ ላይ የሚወጣውም እሱ ሲነሳ ብቻ ስለነበር «ምክትል» ብሎ ነው የሰየመው። እናቴ ካረፈች ወዲህ አባቴ በቀን ውስጥ ከሚናገረው አብዛኛውን የሚናገረው ለምክትል ነበር፤ እኛ ልጆቹ የምንሰማው ትርፉን ነው። አንድ ሐሙስ ከቁርስ በኋላ፣ የዕለቱ ብስኩት እንደተለመደው ከፊቱ ተቀምጦ ሳለ ሆዱ አልቀበል አለው። አንዱን ነከስ አደረገና ተወው፤ ከሚጣል ብሎ የነከሰውንም ያልነካውንም፣ አምስት ብስኩት፣ ለምክትል ሰጠው። ከዚያ በፊት ፍርፋሪ ይቀምስ እንደሆን እንጂ ይህን ያህል ደርሶት አያውቅም። ጭራውን እየቆላ በላው።

አንድ ሰዓት አልሞላም። መጀመሪያ አስታወከ፣ ከዚያ የኋላ እግሮቹ አልታዘዝ አሉት፣ እንደ ሰከረ እየተላጋ ከወንበሩ ሥር ወደቀ። በብርድ ልብስ ጠቅልለን የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። ሐኪሙ ደሙን ሲያይ ስኳሩ ወርዶ ወርዶ አልቋል። ምን እንደበላ ጠየቀን፤ ፓኬቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት፤ ከምን እንደተሠራ አነበበ። ግሉኮሱን እየሰካ ቀስ ብሎ አስረዳን። ይህ ማጣፈጫ ሰው ሆድ ውስጥ በደንብ ሳይፈጭ ያልፋል፣ ውሃ ይስባል፣ ሆድ ይነፋል፣ ያስቀምጣል፤ ሲበዛ ሰውን ያሰቃያል እንጂ እንዲህ አያደርገውም። የውሻ ሰውነት ግን ስኳር የገባ ይመስለዋል፤ ተታሎ ደሙ ውስጥ ያለውን ስኳር ጠራርጎ ያወርደዋል፣ አልፎ ተርፎም ጉበቱን ይመታዋል። ከዚያ ፓኬቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ጀርባውን ፈለገ፤ እንዲህ ያለ ነገር ላይ ማስጠንቀቂያ መጻፍ ነበረበት፣ የታለ አለን።

አባቴ አልገባውም። ቆቡን በእጁ ይዞ ለሐኪሙ እንዲህ አለው፦ «ከአፌ ከፍዬ ነው እኮ የሰጠሁት። መርዝ ቢሆን እኔስ አልሞትም ነበር?»

ማስጠንቀቂያው የት እንዳለ በዚያ ክፍል ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ግን ዝም አልኩ። ምክትል ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሞተ።

ቤት ስንገባ ማንቆርቆሪያ ጥጄ ማኅተሙን በእንፋሎቱ ላጥኩት። ሙያዬ ነውና አልተቀደደም። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ንጹሕ ነበር፦ «ከመጠን በላይ ቢበሉት ሆድ ይነፋል፣ ተቅማጥ ያስከትላል። ለውሻ ፈጽሞ አይስጡ።» አንድም የፊደል ግድፈት የለበትም። የተለጠፈበትን አኳኋን ሳየው ልኩን ጠብቆ ቁጭ ብሏል፤ እትዬ ዘንበል የለጠፈችው ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የመጨረሻዋ ቃል ብቅ ትል ነበር። አባቴ ደግሞ የወረቀት ጀርባ የሚያነብ ሰው ነው።

፭ኛ. ፓኬቱን ከነተላጠው ማኅተም ከአቤቱታ ጋር አያይዤ ላክሁላችሁ። የሰጣችሁኝ መልስ ባጭሩ ይህ ነው፦ ፓኬቱ መመሪያውን በሙሉ ያሟላል፤ ማኅተሙ ስለተላጠ ግን በማስረጃነት ሊያዝ አይችልም፤ ማኅተም መላጥም በሕግ ያስጠይቃል። እንዲሁም የቤት እንስሳት ጉዳይ የሌላ መሥሪያ ቤት መሆኑን አስታውሳችሁኛል። ባለሙያችሁ የአባቴን ሆድ በተመለከተ ውሃ አፍልቶ እንዲጠጣ መምከራቸውንም ሳልጠቅስ ባልፍ ነውር ነው። እግዜር ይስጥልን፤ ማፍላታችንን እንቀጥላለን።

ቁጥሩ እዚህ ላይ ያበቃል። ስድስተኛው በቁጥር የሚገባ አልሆነልኝም።

አባቴ ብስኩቱን ካቆመ በሳምንቱ ሆዱ ተመለሰ። ሰውየው ግን አልተመለሰም። ጠዋት ጠዋት የምክትልን ሳህን ያጥብና ገልብጦ በቦታው ያስቀምጠዋል። ፍርፋሪ ሊለቅሙ በረንዳው ላይ የሚያርፉትን ወፎች በጋዜጣ ያባርራል፤ ድሮ የሚጠራቸው እሱ ነበር። ባለፈው እሑድ የእህቴ ትንሿ ልጅ ጭኑ ላይ ወጥታ ከያዘው ዳቦ ቆርሶ እንዲያጎርሳት አፏን ከፈተች። አባቴ ዳቦውን ሳህን ላይ መለሰና እጁን ከጠረጴዛው ሥር ደበቀ። «ከእኔ እጅ አትብዪ፤ እናትሽ ትስጥሽ» አላት። ልጅቷ አፏን እንደከፈተች ቀረች። እኔ የምለው ነበረኝ፤ አሁንም ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት።

ክቡር ሆይ፣ ከእርስዎ የምለምነው ሁለት ነገር ነበር። አንዱ ማኅተሙ ሁለት ጣት ወደ ግራ እንዲጠጋ ነው። ሌላው ለአባቴ አንዲት መስመር እንድትጽፉለት ነበር፤ አባት ሆይ፣ ያጠፉት ነገር የለም፣ ማስጠንቀቂያው ከእኛ ማኅተም ሥር ነበር የምትል። ይህችኛዋን ግን ትቻለሁ። የእናንተን መልስ እስክጠብቅ ልጅቷ ታድጋለች፤ ደግሞም መስመሯን መጻፍ ያለብኝ እኔ እንደሆንኩ ገብቶኛል። አባቴ ጋዜጣ የሚጀምረው ከኋላ ገጽ ነው። ስለዚህ የዚህ ደብዳቤ ቅጂ እሱ በሚያነበው ጋዜጣ የኋላ ገጽ ላይ እንዲወጣ አዘጋጆቹን ለምኛለሁ፤ እርስዎ ባያነቡትም ቅር አይለኝም።

አባባ፣ አንተ ፊቱንም ጀርባውንም አይተሃል፤ ምንም አላጓደልክም። ጽሑፉ ነበረ። እንዳይታይ ልኩን በመቀስ የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ብስኩቱን ወደ ቤት ያመጣሁትም፣ ሐኪሙ ፊት ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ። እጅህ ምንም አላደረገም። እሑድ ልጅቷ ስትመጣ ዳቦዋን ራስህ አጉርሳት።

ጊዜዎን ስለወሰድኩብዎ ይቅርታዎን እየጠየቅኩ፣ ፊት ለፊት የሚተያዩት ሁለት ክፍሎች አንድ ቀን በራቸውን ከፍተው ሰላም እንዲባባሉ እየተመኘሁ፣ ለመሥሪያ ቤታችሁ ረጅም ዕድሜና የተስተካከለ የምግብ መፈጨት እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
አንዲት ለጣፊ

ማሳሰቢያ፦ ለእርስዎ በተላከው ዋና ቅጂ ላይ ስሜንና ፊርማዬን በመመሪያው መሠረት በቀኝ በኩል ግርጌ አኑሬያለሁ፤ ማኅተማችሁንም ልኩን ጠብቄ በላዩ ላይ ለጥፌበታለሁ። ልትከሱኝ ብትፈልጉ ስሜ ከሥሩ ተጽፎ ይገኛል። መነበቡ ግን በመመሪያው አልተጠቀሰም።