ብቻዬን የሞላሁት መጠይቅ

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣

የጌታ ሰላም ካንቺና ከልጆችሽ ጋር ይሁን። እንዴት ከረማችሁ? የድሬ ሙቀት ትንሽ በረደላችሁ ወይስ እንደወትሮው ነው? የትንሿስ ሳል ተሻላት? እኛ ቤቴል ዝናቡና ጭቃው ቢያስመርረንም በጤና አለን። ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ ጀመርኩና ቀደድኩት። ደህና አይደለሁም፣ እታለም። ብቀመጥም አልረጋ፣ ብተኛም አልረጋ። ይህችን እየጻፍኩ እንኳ በሩ መዘጋቱን ተነስቼ አየሁ።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን አመጣው እንዳትይኝ። ስልክሽን ካንቺ ቀድሞ የሚከፍተው ማን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ጎረቤታችን እሙ ለንግዷ ዕቃ ልታመጣ ድሬ ስትወርድ በእጅሽ ትሰጥሻለች። ብቻሽን ስትሆኚ አንብቢው።

ጉዳዩ የሰርጌ ነገር ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ተጋቢዎችን የሥነ ልቦና መጠይቅ ታስሞላለች። አማካሪያችን እህት ዘመነች በየቤታችሁ ብቻችሁን ሞልታችሁ አምጡ አለችን። ብቻችሁን! የእኛን ቤት አታውቀው። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ከማስቀመጤ እማዬ መነጽሯን አድርጋ መጣች፤ ጨው ልትበደር የገባችው እሙም እዚያው ቀረች። «በሕይወቴ ዋሽቼ አላውቅም» የሚል ነበረበት። እማዬ ልጄ ውሸታም ናት ተብሎ ፋይል ውስጥ አይቀመጥም ብላ «አዎ» አስባለችኝ። «ቂም ይዤ አላውቅም» ለሚለውም እንዲሁ። «ምግብ ማብሰል ያስደስተኛል» ላይ እሙ እስክታለቅስ ሳቀችብኝ፣ ግን እሷም አዎ በይ አለች። «እጮኛዬ ሲቆጣ እፈራዋለሁ» የሚለው ላይ ስንደርስ እማዬ አንብቤ ሳልጨርስ በፍጹም በይ አለችኝ። እሙ ጨውዋን ይዛ ወጣች።

እጮኛዬን ኢዮሲያስን አንቺ በፎቶ ብቻ ነው የምታውቂው። መሥሪያ ቤቱ የባሕርይ ፈተና አስፈትኗቸው «ቆራጥ መሪ» የሚል ውጤት ካገኘ ወዲህ ሰውዬው አልቻል አለ። ውጤቱን ፎቶ አንስቶ የስልኩ ፊት ላይ ለጥፎታል። ሲጮህብኝ ተፈጥሮዬ ነው፣ በሳይንስ ተረጋግጧል ይለኛል። እኔንም በስልኩ ፈትኖ አንቺ ተከታይ ነሽ አለኝ፤ ከዚያ ወዲህ ምግብ ቤት እንኳ የሚያዝልኝ እሱ ነው። ይህን ስነግርሽ በስልክ ሳቅሽና ይለመዳል አልሽኝ። ከየት አወቅሽው ብዬ አልጠየቅኩሽም።

እህት ዘመነች የእኔን መልስ ስታይ ከት ብላ ሳቀች። እንዲህ የሚመልስ መልአክ ብቻ ነው አለችኝ። ለካ እነዚያ ዋሽቼ አላውቅም፣ ቂም ይዤ አላውቅም የሚሉት የገቡት ሰው ራሱን ምን ያህል እንዳሳመረ ለማወቅ ኖሯል! ያልዋሸ ሰው የለምና እነሱን አዎ ያለ ሰው ሌላው መልሱም አይታመንለትም። ይህ የሚታለፍና የሚወደቅ ፈተና አይደለም፣ ወረቀትም በሰው ላይ አይፈርድም፣ ለመነጋገር መነሻ ይሆነናል እንጂ አለችኝ። ሌላ ቅጂ ሰጥታኝ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ክፍል አስገባችኝና በሩን ዘጋችልኝ።

የሕፃናት ወንበር ላይ ጉልበቴን አጥፌ ተቀመጥኩ። ውሸቱን፣ ቂሙን፣ ምግቡን እውነቱን ጽፌ ቶሎ አለፍኩ። ያ «እፈራዋለሁ» የሚለው ጥያቄ ላይ ቆምኩ። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት አየር ጤና ታክሲ ተራ ዘገየሽ ብሎ ክንዴን ይዞኝ ነበር። አያያዙን አልነግርሽም። ጠቁሮ ሰነበተ። እማዬ እንዳታይብኝ እጅጌው ረጅም ሸሚዝ ነበር የምለብሰው፤ እዚያ ክፍል ስገባም እሱኑ ለብሼ ነበር። እጅጌዬን ሳይ አንቺ ትዝ አልሽኝ። ለፋሲካ ልንጠይቅሽ ስንመጣ፣ በዚያ በድሬ ቀትር ሰው ሁሉ ስስ ልብስ እንኳ ከብዶት ሲያራግብ፣ እኔ የሰጠሁሽን ወፍራም ግራጫ ሹራብ ለብሰሽ ተቀበልሽን። ብርድ ብርድ ይለኛል አልሽን። ወባ ይሆናል ተባባልን። ላቡ ግን ከግንባርሽ ይወርድ ነበር።

«አዎ» የሚለውን አከበብኩ። አልቅሼም ነው የወጣሁት።

ሰርጉ ቀርቷል። ለኢዮሲያስ ስነግረው ሰው በወረቀት ይታወቃል እንዴ፣ ይህ የፈረንጅ ጨዋታ ነው ብሎ ጮኸብኝ። ስልኩ ሲበራ ግን ያ «ቆራጥ መሪ» እዚያው ነበር። እማዬ አታናግረኝም፤ ካርዱ ተበትኗል፣ ለሰው ምን ልበል እያለች ለግድግዳው ታወራለች። እኔም ደግ አደረግኩ ወይስ አጠፋሁ እያልኩ ስንቆራጠጥ እውላለሁ። ለትዳር ብዬ የተከራየሁትን ቤት ልለቅ አልኩና ተውኩት። ቅዳሜ እገባበታለሁ። ሁለት ክፍል ነው፣ አንደኛው ለልጆች አልጋ ይበቃል።

መጠይቁን ልልክልሽ አስቤ ፈራሁልሽ። አንዱን ጥያቄ ብቻ መልሺልኝ፤ የትኛውን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ግን አትጻፊ። መልስሽ አዎ ከሆነ ያን ሹራብ ለእሙ ስጫት። ባለቤትሽ ከጠየቀሽ እህቴ አዲስ አበባ በርዷት ነው፣ መልሺልኝ ብላ ነው በይው። ሹራቡ በደረሰኝ ማግስት እኔው ራሴ እመጣለሁ። ባይደርሰኝም ያው እህትሽ ነኝ።

ጌታ በላይሽ ጥላ ይሁንልሽ፣ ልጆችሽንም ይጠብቅልሽ። አንብበሽ ስትጨርሺ ቅደጂው።

የምትሳሳልሽ ታናሽ እህትሽ

እሙ ሻንጣዋን እያሰናዳች ነው። ሳልነግራት አንድ ሹራብ የሚያስገባ ቦታ ትታለች።